ዶሮይቱ ብትጠየቅ ምን ትመልሳለች?

እንስሳ አፍ የለውም ይባላል። ታዲያ አፍ የሌለው ፍጡር መመቸቱንና መከፋቱን በምን እናውቃለን? ሊቃውንት ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈልጉ የሄዱበትን መንገድ ለመረዳት በእንግሊዝ አገር ስለ ዶሮ እርባታ የሆነውን መመልከት ይጠቅማል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. ሩት ሐሪሰን የተባሉ ሴት የዘመናዊውን እርባታ ጭካኔ የሚገልጽ መጽሐፍ አሳተሙ። ሕዝቡም ስለ ተቈጣ መንግሥት በፕሮፌሰር ብራምቤል ሊቀ መንበርነት አንድ ኰሚቴ አቋቋመ። ኰሚቴው በ1965 ካቀረባቸው ምክሮች አንዱ፣ ዶሮዎች የሚቆሙበት የሣጥን ወለል በቀጭን ሽቦ የተሠራ እንዳይሆን የሚል ነበር። ቀጭኑ እግራቸውን ይጐዳል፣ ወፈር ያለው ይሻላል ተብሎ ታሰበ። ሰው በባዶ እግሩ ቢቆምበት እርሱም የሚፈርደው እንዲሁ ነው።

በ1973 ሂዩዝና ብላክ የተባሉ ተመራማሪዎች ነገሩን ዶሮዎቹን ራሳቸውን ጠየቁ። አጠያየቃቸውም ቀላል ነው፤ ልዩ ልዩውን ወለል ጐን ለጐን አዘጋጅተው፣ ዶሮዎቹ እንደ ወደዱ ሲመላለሱ በየትኛው ላይ ብዙ ጊዜ እንደሚቆዩ ተመለከቱ። የተመረጠው ኰሚቴው የነቀፈው ቀጭኑ ሽቦ ሆነ! ኰሚቴው ክፉ አላሰበም፤ የፈረደው ግን በራሱ እግር ነው።

ይሁን እንጂ ምርጫም ብቻውን ያሳስታል። የኦክስፎርዷ ሊቅ ማሪያን ዳውኪንስ በሽቦ ሣጥን የኖሩትን ዶሮዎች ከሣጥኑና ከደጁ ባስመረጧቸው ጊዜ፣ ዶሮዎቹ በመጀመሪያ የለመዱትን ሣጥን መረጡ። ደጁን ከቀመሱ በኋላ ግን ሐሳባቸውን ለወጡ።

ደግሞስ የተመረጠው ነገር ምን ያህል ያስፈልጋቸዋል? ይህን ለማወቅ ዋጋ ማስከፈል ግድ ሆነ። የእንስሳ ገንዘቡ ጕልበቱ ነውና፣ ጆርጂያ ሜሰንና ባልደረቦቻቸው በ2001 ባወጡት ጥናት፣ ጠጕራም ቆዳዋ ለካፖርት ስለሚፈለግ የምትረባውን ሚንክ የተባለች ትንሽ አውሬ ፈተኑ። ወደ መጫወቻው፣ ወደ ትርፉ ጐጆ፣ ወደ መዋኛው ውሃ በሚያስገቡት በሮች ላይ ክብደት እየጨመሩ አስገፏት። ሚንኮቹ ከሁሉ ይልቅ የደከሙት ለውሃው ነው። የመዋኛው በር ለአንድ ቀን በተዘጋባቸው ጊዜ፣ በጭንቀት ወቅት በሰውነት ውስጥ የሚበዛው ኮርቲዞል የተባለው ቅመም በሽንታቸው ተለካ፤ ጭማሪውም ምግብ በተከለከሉ ጊዜ ከታየው የማይለይ ሆኖ ተገኘ። በእርባታው ሣጥን ውስጥ ግን መዋኛ የሚባል ነገር አይሰጣቸውም ነበር።