ያውቁ ኖሯል? የታመመ ድምፅ በኮምፒውተር ይሠራል
ስንናገር በማንቁርታችን ያሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች በአዋቂ ወንድ በሴኮንድ 100 ጊዜ፣ በሴት 200 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ። እ.ኤ.አ. በ1972 ኢሺዛካና ፍላናጋን የተባሉ ተመራማሪዎች እያንዳንዱን አውታር በሞላ በተያያዙ ሁለት ክብደቶች ወክለው ንዝረቱን በኮምፒውተር አሰሉት። በዚህ ሞዴል አንደኛው አውታር ከሌላው እጅግ ሲላላ ወይም ሲከብድ አብረው መርገብገብ ይሳናቸዋል፤ ድምፁም ይሻክራል። «ሕያው ሥጋ እንዴት በሁለት ክብደት ይወከላል?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ አውታሩ ብዙ ንብርብር አለው፤ የሞዴሉ ጥቅም ግን ከዚሁ ቅለት የመጣ ነው። በታማሚ ጉሮሮ እብጠቱም፣ ሽባነቱም፣ የአነጋገር ልማዱም ተደራርበው ይመጣሉ፤ በሞዴሉ ግን አንዱን ብቻ ለውጦ ምን እንዳስከተለ መስማት ይቻላል። ምርመራን ግን አይተካም፤ ድምፅዎ ለሳምንታት ጎርንኖ ከቆየ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።