የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ የሰው ቸርኬም እንዲሁ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ ዕድሜዬን የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርሁ ሰው፣ ለ2010 ሥሪት ቶዮታ ራቭ 4 መኪናዬ ያገለገሉ አራት የሆንዳ ሲአርቪ ቸርኬዎች ከነጎማቸው ሳልመረምር ገዛሁ። ሻጩ ወገን ነው። «ጋሼ፣ አምስቱም ቀዳዳ ልክ ነው» አለኝ። አልዋሸም፤ የሁለቱም መኪኖች የብሎን ክብ 114.3 ሚሊ ሜትር ነው። ገጠመ፣ አማረ፣ ተመራርቀን ተለያየን።

በማግስቱ በቤልትዌይ ወደ አሌክሳንድሪያ ስነዳ፣ 60 ማይል ላይ መሪው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጎማውን ባላንስ ባስደርግም አልተሻለውም።

አሌክሳንድሪያ ያገኘሁት መካኒክ ቸርኬውን አውልቆ የመሐሉን ቀዳዳ ለካ። የሲአርቪው 64.1፣ የራቭ 4 ሞዞ ግን 60.1 ሚሊ ሜትር ነው። ቸርኬው ሞዞው ላይ አላረፈም፤ የያዘው ዳዶው ብቻ ነበር። የባሰውም እዚያው ነው፦ የሆንዳ ቸርኬ የዳዶ መቀመጫ እንደ ኳስ የጎደጎደ ነው፤ የቶዮታ የአሉሚኒየም ቸርኬ ዳዶ ግን ጠፍጣፋ ነው። ጥርሳቸው አንድ ስለሆነ የጠበቀ ይመስላል፤ ሲውል ሲያድር ግን ይላላል፤ ጎማ እስከ መውለቅም ያደርሳል።

ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበትና ለቸርኬው የተሠራ ዳዶ ሲገባለት ንዝረቱ ቆመ።

ቨርጂኒያ መኪናን በየዓመቱ ታስመረምራለች። ሜሪላንድ ግን ያገለገለ መኪና ሲሸጥ ወይም ስም ሲዛወር ነው፤ ከዚያ በኋላ የገጠምነውን የሚያይልን የለም። ስንቱ ወገናችን ደግሞ ሰው አሳፍሮ በመሪ እንጀራ ይበላል!

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ቸርኬ ስትገዙ ቀዳዳ ብቻ አትቁጠሩ፤ የመሐሉን ስፋትና የዳዶውን መቀመጫ ጠይቁ። ከ50 እስከ 100 ማይል ከነዳችሁ በኋላም ዳዶውን እንደገና አስፈትሹ።

ቸር ይግጠመን!