የትራም እንግሊዝኛና የድርሰት እንግሊዝኛ

ከ9ኛ ክፍል ጀምረን በእንግሊዝኛ ተምረን ሜልበርን የመጣን ተማሪዎች፣ የያዝነው በአብዛኛው የመጽሐፉን ቋንቋ ነው። እዚህ ያደጉት ታናናሾቻችን ደግሞ በጨዋታ ነው የያዙት። ስለዚህ እኛ ወሬ መሃል ዝም እንላለን፤ እነሱ ድርሰት ላይ ነጥብ ያጣሉ።

ይህ የችሎታ ማነስ አይመስለኝም። ንግግርና ጽሑፍ ሰዋስዋቸው ይለያያል። በ1999 እ.ኤ.አ. ዳግላስ ባይበርና ባልደረቦቹ ያሳተሙት የሎንግማን ሰዋስው፣ 40 ሚሊዮን ያህል ቃላት መርምሮ ልዩነቱን አሳይቷል።

ትራም ስትጠብቁ «ዜርስ ቱ ትራምስ ካሚንግ» ብትሉ ማንም አይገረምም፤ ድርሰት ላይ ግን «ዜር አር» ይጠበቃል። አንዳንድ አውስትራሊያውያን ንግግራቸውን «ባት» ብለው ሲጨርሱ «ቢሆንም» ማለታቸው ነው፤ ቀጣዩን አትጠብቁ።

ትልቁ ልዩነት ግን ሌላ ነው፦ ንግግር በግሥ ይሄዳል፣ የትምህርት ጽሑፍ በስም። በአማርኛ ላሳያችሁ። ስናወራ «ኪራይ ስለጨመረ ተማሪዎቹ ራቅ ብለው ገቡ» እንላለን። ድርሰቱ «የኪራይ መጨመር የተማሪዎችን ከከተማ መራቅ አስከትሏል» ይላል።

ለጓደኛችን «እኮ» እና «በቃ» እያልን፣ ማመልከቻ ላይ «በመሆኑም» የምንጽፍ ሰዎች ነን። ስለዚህ መቀያየሩ አዲስ አይሆንብንም። ድርሰታችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፤ ለጓደኛ የምታወሩት ከመሰለ ግሦቹን ፈልጉና የትኞቹ ስም መሆን እንደሚችሉ እዩ። እኛ ከአገር ቤት የመጣነው ደግሞ ወሬ ላይ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እስክናዘጋጅ አንጠብቅ፤ የሚጠብቅብን የለም።