ጠርሙሱ አይንቀሳቀስም

ስታትስቲክስ የሚያጠና ተማሪ አንድ ቀን ስታትስቲካል ኢንፈረንስ ከሚባለው ኮርስ ጋር ይፋጠጣል። ኮምፒውተሩ ይዘጋል፣ ወረቀትና እርሳስ ይቀራል። ኮርሱ ከእፍኝ ተነስቶ ስለ ጆንያው መናገር ነው፤ የእህል ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀው ስለሆነ አልቆይበትም። ተማሪው ግን ይፈራዋል፣ «ኤ» አይገኝበትም ይላል። እኔ ደግሞ ለአንድ ምዕራፉ ብቻ ስል ደግሜ ብማረው ደስ ይለኛል፤ ለኮንፊደንስ ኢንተርቫል።

25 ጆንያ ጤፍ መዘንን እንበል። አማካዩ 98 ኪሎ ወጣ፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 5 ኪሎ መሆኑን ከበፊቱ እናውቃለን። 5ን ለ25 ስኩዌር ሩት ስናካፍል 1፤ በ1.96 አባዝተን ከ98 ላይ ስንቀንስና ስንደምር የ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ከ96.04 እስከ 99.96 ይሆናል። (ጆንያው «ኩንታል» ተብሎ መሸጡን ልብ ይበሉልኝ።)

ስሌቱ ላይ የሚሳሳት የለም። ጥፋቱ የሚመጣው ቀጥሎ በሚጻፈው ዐረፍተ ነገር ነው፦ «እውነተኛው አማካይ በእነዚህ ቁጥሮች መካከል የመሆን ዕድሉ 95 በመቶ ነው።» ፈተና ላይ ይህንኑ ብጽፍ መምህሬ በቀይ ሰርዘው «የሚንቀሳቀሰው የቱ ነው?» ብለው ጻፉብኝ። ሳምንት ተናደድኩ።

በኋላ የገባኝ በቀለበት ውርወራ ነው። ጠርሙሱ ቆሟል፤ የሚበረው ቀለበቱ ነው። ከ100 ውርወራ 95 ያህሉን የሚያስገባ ልጅ ጎበዝ ነው። ዓይናችን ተሸፍኖ አንዴ ቢወረውር ግን ያ ቀለበት ወይ ገብቷል ወይ አልገባም። 95ቱ የልጁ እጅ ነው እንጂ የዚያች ቀለበት አይደለም። የጤፉም እውነተኛ አማካይ እንደ ጠርሙሱ ነው፤ ሌላ 25 ጆንያ ብንመዝን የሚለዋወጠው ኢንተርቫሉ ነው።

ነገሩ አዋቂዎችንም ግር አሰኝቷል። ፖላንዳዊው የስታትስቲክስ ሊቅ ጀርዚ ኔይማን የኮንፊደንስ ኢንተርቫልን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1934 ለንደን ላይ ሲያቀርብ፣ በሙያው አንጋፋ የነበሩት አርተር ቦውሊ ይሄ «ኮንፊደንስ» የሚሉት ነገር የአጭበርባሪ ዘዴ እንዳይሆን ሲሉ ጠረጠሩ። ኔይማን እ.ኤ.አ. በ1937 ሙሉ ንድፈ ሐሳቡን አሳተመ። የእኛ ሪፖርት ጸሐፊዎች ግን ቁጥሩን ከሶፍትዌሩ ገልብጠው የተሰረዘብኝን ዐረፍተ ነገር ዛሬም ይለጥፉበታል።

«የለም፣ እኔ ስለዚህኛው ጤፍ ዕድል መናገር እፈልጋለሁ» የሚል ካለ ቤይዝ በሚባለው ሌላው የስታትስቲክስ መንገድ ይሂድ፤ አልከለክለውም። ሚዛኑ ጋ ከመድረሱ በፊት ግን ስለ ጤፉ ምን ያምን እንደነበር በቁጥር ጽፎ ይምጣ።