አንጋፋ ዘፋኝን በመድረክ ላይ መስማት፤ ስለ ድምፅ እርጅናና ስለ አድማጭ ጆሮ

ዘፋኝን በሸክላ ወይም በካሴት መስማትና በመድረክ ላይ ቆሞ ሲዘፍን ማየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማስረዳት ብዙ ማተት አያስፈልግም። ነገር ግን ዘፋኙ ዕድሜው ከሰማንያ ያለፈ እንደ ሆነ ልዩነቱ ከወዴት ይመጣል? ከጉሮሮው ነው፣ ከሙዚቃ ጓዱ ነው፣ ወይስ ከአድማጩ? ይህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የሚሞክረው ይህንኑ ነው። መነሻውም አቶ ማሕሙድ አሕመድ በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር በአዲስ አበባ በሚሊኒየም አዳራሽ ያቀረቡት የስንብት ኮንሰርት ነው።

ወደዚያ የሄድሁት ከአጎቴ ጋር ነበር። አጎቴ በመጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር። «እኔ የማውቀው ድምፅ ቤቴ ውስጥ አለ፤ ሸምግሎ አይቼ ምን ላደርገው?» አሉኝ። ንግግራቸው የስስት እንጂ የንቀት አልነበረም። ቲኬቱን አስቀድሜ ገዝቼው ስለ ነበረ ገንዘቡ እንዳይባክን ሲሉ ብቻ ካባቸውን ደርበው ተነሡ።

የዘፋኙ ታሪክ ለብዙዎቻችሁ የታወቀ ስለ ሆነ በአጭሩ አልፈዋለሁ። አቶ ማሕሙድ የተወለዱት ጠላት አዲስ አበባን በለቀቀበት ዓመት፣ በ1933 ዓ.ም.፣ በመርካቶ ነው። በልጅነታቸው ጫማ ጠርገዋል። በ1950ዎቹ አጋማሽ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች በሚያዘወትሩት በአሪዞና ክለብ ተላላኪ ሆነው ሲሠሩ፣ አንድ ሌሊት ዘፋኙ ቢቀር እኔ ልሞክር ብለው ከመድረክ ወጡ፤ በዚያው የጓዱ ዘፋኝ ሆኑ። ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠሩት «ኧረ መላ መላ» በ1970ዎቹ መጨረሻ በብራስልስ ታትሞ ለአውሮጳ አድማጭ ደርሷል።

ለነገራችን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የሆነው ነው። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ለብዙ ዓመታትም ጸንቶ ቆየ። እስኪነጋ ይጨፈርባቸው የነበሩት ቤቶች በጊዜ መዝጋት ግድ ሆነባቸው። ገንዘብ ያለው ሰው በትልልቅ ሆቴሎች ገብቶ፣ በሩ ተዘግቶበት፣ ሲጨፍር ያድር ነበር። የቀረው ሕዝብ፣ ይልቁንም በክፍለ ሀገር ያለው ወጣት፣ ዘፋኞቹን የሚያውቃቸው በካሴት ብቻ ሆነ። አጎቴም በዚያን ጊዜ ደሴ ተማሪ ነበሩ። አንድ ካሴት ለአምስት ጓደኛ፣ አንድ ቴፕ ለአንድ ሰፈር ነበር ይላሉ። ስለዚህ ከዚህ ትውልድ አያሌ ሰው የሚወደውን ዘፋኝ በአካል ሳያይ ፀጉሩ ሸበተ።

አሁን ወደ ድምፁ እንመለስ። የሰው ድምፅ የሚወጣው በማንቁርት ውስጥ ያሉት ሁለት የድምፅ ጅማቶች ከሳምባ በሚመጣው አየር ሲርገበገቡ ነው። ዕድሜ ሲገፋ የእነዚህ ጅማቶች ጡንቻ ይሳሳል፤ ጠርዛቸውም ስለሚጎብጥ ሲገጥሙ በመካከላቸው ክፍተት ይቀራል፤ በዚያም አየር ያመልጣል። የሽማግሌ ድምፅ ትንፋሽ የተቀላቀለበት የሚመስለው ስለዚህ ነው። የማንቁርቱ ለስላሳ አጥንትም እየጠነከረ ይሄዳል። ሳምባም የመለጠጥ ኀይሉ ስለሚቀንስ፣ ጎልማሳው በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰው የነበረውን ሐረግ አረጋዊው በሁለት ይከፍለዋል። ሰው ሁሉ ወንድ ሲያረጅ ድምፁ ይወፍራል ብሎ ያስባል፤ እውነቱ ግን የንግግር ድምፁ በጥቂቱ ይቀጥናል። በዘፈን ጊዜ የሚጎዳው ከላይ ያለው ከፍታ ነው።

ከሁሉ የሚያሠጋው ንዝረቱ ነው። በሠለጠነ ጎልማሳ ዘፋኝ ላይ ድምፅ በአንድ ሴኮንድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል። በእርጅና ግን ይዘገያል፤ ስፋቱም ይጨምራል፤ በመጨረሻም ማስጌጡ ቀርቶ መንቀጥቀጥ ይሆናል። የአቶ ማሕሙድ ዝና ከሚርገበገበው ድምፃቸው ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፣ የአጎቴ ፍርሃት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ነገር ግን የሀገራችን የዘፈን ሥርዓት ለአንጋፋ ዘፋኝ ብዙ መውጫ ይሰጠዋል። ትዝታን እንውሰድ። ቃሉ የሰው ትውስታ ስም ነው፤ የአንድ ዘፈን ስም ነው፤ የአንድ ቅኝትም ስም ነው። ቅኝቱ በአምስት ድምፆች ብቻ የቆመ ነው። ዘፈኑም እንደ ድርሰት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተወሰነ አይደለም፤ ዘፋኙ ግጥሙን ሁለት ሁለት ስንኝ እያደረገ ይመርጣል፣ ያስቀድማል፣ ያዘገያል፣ ይደግማል። እንግዲህ ጉሮሮው የማይደርስበትን ከፍታ ትቶ በሌላ መንገድ ቢዞር ስሕተት ሠራ የሚለው የለም፤ እንዲያውም ዐወቀበት ይባላል። ዕድሜ የማይነካቸውም ነገሮች አሉ። ቃልን ጥርት አድርጎ መጣል፣ ከምቱ በጥቂቱ ዘግይቶ መግባት፣ በሁለት ሐረግ መካከል ዝም ማለት፤ እነዚህ የጡንቻ ሳይሆን የልምድ ሥራ ናቸው።

ሌላው መውጫ ዜማውን ዝቅ ማድረግ ነው። ይህ በክራር ቀላል ነው፤ ክሮቹን ማላላት ብቻ ነው። የነሐስ መሣሪያ ባለበት ጓድ ግን ችግር አለው። በሚ ቤሞል የነበረ ዘፈን ግማሽ ቶን ወርዶ በሬ ይሁን ቢባል፣ ቀድሞ ያለ ምንም ምልክት በዶ ይነፋ የነበረው የአልቶ ሳክስፎን ተጫዋች አምስት ዲየዝ ይወድቅበታል፤ ቴነሩም አራት። አንድ ሙሉ ቶን ቢወርድ ግን ለሁለቱም የሚመች ይሆናል። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ ዘፋኙ ከሚያስፈልገው በላይ ዝቅ ብሎ የሚዘፍነው ለራሱ ጉሮሮ ሳይሆን ለሳክስፎኑ ጣት ሲል ነው። በኤሌክትሪክ ኪቦርድ ግን አንድ ቁልፍ መጫን ይበቃል፤ ይህም ብዙ ጓዶች ነሐሱን ከተዉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይመስለኛል።

የአዳራሹም ነገር አለ። ሚሊኒየም አዳራሽ ለ2000 ዓ.ም. በዓል የተሠራ እጅግ ሰፊ ቤት ነው። ድምፅ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ፣ 50 ሜትር ርቆ ካለ ግድግዳ ነጥሮ ሲመለስ አንድ ሦስተኛ ሴኮንድ ያህል ይዘገያል። እኛ ከኋላ ስለ ነበርን ከበሮውን ሁለት ጊዜ የሰማን ይመስለን ነበር። በዚህ ላይ ሕዝቡ አብሮ ይዘፍናል፤ ሺህ ሰው የሚዘፍነው ደግሞ ሁልጊዜ ከባንዱ ወደ ኋላ ይቀራል። የሙዚቃ መምህር ቢሰማው ጆሮውን ይይዛል። ለአንጋፋ ዘፋኝ ግን ይህ ዕረፍት ነው። ሕዝቡ አንዱን ሐረግ ሲይዝለት እርሱ ትንፋሹን ይሰበስባል፤ ካሴት ይህን ዕድል አይሰጥም።

አጎቴ እጃቸውን አጣምረው ጥቂት ቆዩ። ከዚያ በኋላ ከሰው ጋር መዝፈን ጀመሩ። በሃያ ሁለት ዓመቴ እርሳቸው ሲዘፍኑ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ልብ ብዬ ሳዳምጥ ከባንዱ ጥቂት ዝቅ ብለው ነበር፤ ያውም አንዴ ሳይሆን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዚያው ልክ። ጆሮ የሌለው ሰው ወዲያና ወዲህ ይዋልላል እንጂ እንዲህ አንድ መስመር ይዞ አይሄድም። ነገሩ ገረመኝ።

መልሱን ያገኘሁት ስንመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ነው።

«ጋሼ፣ ደሴ በነበራችሁበት ጊዜ ቴፑ የሚሠራው በመብራት ነበር?» አልኋቸው።

«መብራት ከየት መጥቶ? በድንጋይ ነው እንጂ። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እያሰጣን እንደገና እንከተው ነበር» አሉኝ።

ለማያውቁ ወጣቶች፣ ድንጋይ ያሉት ባትሪውን ነው። ባትሪ ሲደክም የቴፑ ሞተር ይንቀራፈፋል፤ ቴፕ ከመቶ 6 ያህል ሲዘገይ ደግሞ ዜማው ሁሉ ልክ ግማሽ ቶን ይወርዳል። አጎቴ ዘፈኖቹን የተማሩት በደከመ ድንጋይ ነበር፤ ጆሯቸውም በዚያው ቀርቷል። ስለዚህ ብዙ ዘመን የጠበቁት ድምፅ ከሸክላው በታች የነበረ ድምፅ ነው። ለእንዲህ ያለ አድማጭ አረጋዊ ዘፋኝ ዝቅ አድርጎ ቢዘፍን የሚጎድልበት ነገር የለም።

ይህን ሳስረዳቸው ጥቂት አሰቡና፣ «ታዲያ እኔ ነኝ የተሳሳትሁት?» ብለው ጠየቁኝ።

አይደለም አልኋቸው። እርሳቸውም ወደ መስኮቱ ዞረው ያንኑ ዘፈን በዚያው ዝቅ ባለው ድምፃቸው ማንጎራጎር ቀጠሉ፤ ሾፌሩም ሬዲዮኑን ዘጋላቸው።