የአካባቢ በዓላት በእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት፦ ቡሄ እንደ ማሳያ

በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጣል። በመራዊ፣ በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም የሚማር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስለዚህ አዲስ ይዘትንና የውጭ ቋንቋን በአንድ ጊዜ ይጋፈጣል። ምንባቡ ተማሪው ስለማያውቀው አገር ልማድ ሲሆን ደግሞ ያልገባው ቃሉ ይሁን ጉዳዩ መምህሩ ለመለየት ይቸገራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሚታወቅ በዓል ይህን ችግር እንዴት እንደሚያቃልልና ወሰኑም የት ላይ እንደሆነ ማስረዳት ነው።

የቀደመ ዕውቀት በንባብ ላይ ያለው ድርሻ ተደጋግሞ ተጠንቷል። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፍሬድሪክ ባርትሌት በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ፣ እንግሊዛውያን አንባቢዎች የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ተረት መልሰው ሲተርኩ እንግዳ የሆነባቸውን እንደሚተዉ ወይም በሚያውቁት እንደሚተኩ አሳይቷል። በ1979 እ.ኤ.አ. ስቴፈንሰንና ባልደረቦቿ ለሕንዳውያንና ለአሜሪካውያን ስለሁለቱ አገሮች ሰርግ የተጻፉ ደብዳቤዎችን በእንግሊዝኛ አስነብበዋል። ሁለቱም ወገኖች የየአገራቸውን ፈጥነው አንብበዋል፤ የበለጠም አስታውሰዋል።

ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው ቡሄ ለዚህ ምቹ ማሳያ ነው፤ በአንድ በዓል ውስጥ ሦስት ዓይነት ድርሰት ይገኛልና። የመጀመሪያው ልማዱን መግለጽ ነው፦ ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ፣ በየቤቱ እየዞሩ ይጨፍራሉ፣ ሙልሙል ይቀበላሉ። ይህ የዘወትር ድርጊትን የሚገልጸውን የአሁን ጊዜ ያስለምዳል። ሁለተኛው ጅራፍ እንዴት እንደሚገመድ በቅደም ተከተል ማስረዳት ሲሆን ለተገብሮ ግሥ ልምምድ ይመቻል። ሦስተኛው ትረካ ነው። በደብረ ታቦር የታየው ብርሃን ሌሊቱን ቀን ስላስመሰለው እረኞች በመስክ እንደቆዩ፣ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው እንደፈለጓቸው ይነገራል። ይህን የሚተርክ ተማሪ የኃላፊ ጊዜን ይጠቀማል። በሦስቱም ይዘቱ በእጁ ስለሆነ ሙሉ ትኩረቱን ለቋንቋው ይሰጣል።

ጥንቃቄ የሚሻው ትርጉም ነው። ሙልሙል «ብሬድ» ተብሎ ብቻ ሲተረጎም ለጨፋሪዎቹ ልጆች ተብሎ የተጋገረ መሆኑ ይጠፋል። ገና «ክሪስማስ» ሲባልም በታኅሣሥ 29 መከበሩና በስሙ የሚጠራው ጨዋታ ይሰወራሉ። የተሻለው መንገድ የአማርኛውን ስም ጠብቆ በእንግሊዝኛ ሐረግ ማብራራት ነው። እንግሊዝኛ ራሱ «ጤፍ»ን በስሙ ተቀብሏል።

ይሁን እንጂ ዘዴው ወሰን አለው። ቡሄን የማያከብር ተማሪ በክፍሉ ካለ ምንባቡ ለእርሱ እንግዳ ነው፤ የ1979ኙ ጥናት የሚያስጠነቅቀውም ይህንኑ ነው። ለሙስሊም ተማሪ አረፋን፣ ለሁሉም ደግሞ ሰርግን ወይም ደቦን ማቅረብ ይቻላል። በተጨማሪም ፈተናም ሆነ ከፍተኛ ትምህርት የሌላውን ዓለም ጽሑፍ ማንበብን ይጠይቃል። ስለሆነም የሚታወቀው በዓል መነሻ እንጂ መድረሻ ሊሆን አይገባም። ስለ ሙልሙል መጻፍ የቻለ ተማሪ፣ ቻይናውያን በመጸው አጋማሽ በዓላቸው የጨረቃ ኬክ ስለመሰጣጣታቸው የሚናገር ምንባብ ሲቀርብለት የሚያነጻጽርበት ነገር አለው። ያን ጊዜ የማያውቀው ቃሉን ብቻ ይሆናል፤ ቃል ደግሞ ከመዝገበ ቃላት ይገኛል።