የተሰነጣጠቀ ስኒና ሳህን፦ እንጠቀምበት ወይስ እንተወው?

ዛሬ ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ ስኒ ነው የምናወራው።

ጅጅጋ ላይ ሻይ በወተት የማይጠጣበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። እስቲ የሚጠጡበትን ስኒ ወደ ብርሃን ይያዙት። ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ቀጭን ስንጥቅ አለ?

👉 ለምን ይሰነጠቃል?
ስኒ ማለት ሸክላና በላዩ ያለው እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ሽፋን (ግላዝ) ነው። ተቃጥሎ ሲቀዘቅዝ ሁለቱም ይኮማተራሉ። ሽፋኑ ከሸክላው በላይ ከተኮማተረ ልክ እንደ ጠባብ ልብስ ይወጠርና ይሰነጠቃል። በዝቅተኛ ሙቀት የተቃጠለ ሸክላ ደግሞ ውሃ እየጠጣ ስለሚያብጥ ሽፋኑ ከወራት በኋላም ሊሰነጠቅ ይችላል። የተለመደው ጀበናችን ግን ሽፋን ስለሌለው ይሄ ችግር አይመለከተውም።

👉 ጤናን ይጎዳል?
ስንጥቅ ስላለ ብቻ ወዲያው ያሳምማል ማለት አይደለም። ዋናው ስጋት ሽፋኑ ውስጥ ሊድ (የእርሳስ ብረት) ካለ ነው። ሎሚ፣ ቲማቲምና እርጎ አሲድ ስላላቸው ሊዱን ወደ ምግቡ ይስቡታል፤ ስንጥቁ መንገዱን ያሰፋል። ሊድ በተለይ የሕፃናትን አእምሮና በማህፀን ያለን ፅንስ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት የለውም የሚባል የሊድ መጠን አይታወቅም። በዓይን አይታይም፣ በጣዕምም አይለይም።

👉 ምን እናድርግ?
1. ስኒውን ውሃ ሞልተው ደረቅ ወረቀት ላይ ያሳድሩት። ጠዋት ወረቀቱ ከረጠበ ውሃው ያልፋል ማለት ነው፤ ለምግብ አይጠቀሙበት።
2. የልጆችና የነፍሰ ጡር ምግብ በተሰነጠቀ ዕቃ አይቅረብ።
3. ማይክሮዌቭ ውስጥ ሳህኑ ከምግቡ በላይ ከጋለ ውሃ ጠጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ይተዉት።
4. ሙጫ አይቀቡት። በረኪናም ቀለሙን ያነጣል እንጂ ስንጥቁን አይዘጋም።

👉 ሸክላ ለሚሠሩ
ስንጥቁ የሚስተካከለው ወጥ ቤት ሳይሆን ቅመማው ላይ ነው። ከ1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚቃጠል፣ ከተበጠበጠ ጭቃ የሚዘጋጅ ሽፋን ከተሰነጠቀ ሲሊካ (የደቀቀ ኳርትዝ) በትንሽ በትንሹ ይጨመርበታል፤ ሶዲየምና ፖታሲየም ያለው ፌልድስፓር ይቀነሳል። ከዚያ በናሙና ላይ ይሞከራል። ምድጃውም ሳይቀዘቅዝ አይከፈትም። ግን ይጠንቀቁ! የሲሊካ ብናኝ ሳንባን ለዘለቄታው ይጎዳል። ብናኝ የሚከላከል ማስክ ያድርጉ፤ የሥራ ቦታውን በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ያጽዱ። ስንጥቁ ጠፋ ማለት ደግሞ ሊድ የለም ማለት አይደለም፤ ሊድ ያለበትን ቅመም ከመጀመሪያውም አይግዙ።

ቤቱ ትንሽ ልጅ ላለው ወዳጅዎ ሼር ያድርጉለት። ጤና ይብዛልዎ!